አምስቱ ቢጫ መስመሮች

«እሁድ ሽማግሌ አይመጣም። ወንበሮቹን መልሳቸው» አለች ዝማሬ።

አባቷ አቶ አቢሶ ከወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናቸው የተዋሷቸውን አሥራ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ከፒክአፕ መኪናቸው ላይ እያወረዱ ነበር። ሰባተኛውን ወንበር እንዳንጠለጠሉ ደርቀው ቀሩ። ስምንት ወር ሙሉ «ለኦርቶዶክስ ልጅ፣ ያውም ለሐኪም ልጅ፣ ልጄን አልሰጥም» ሲሉ ከርመው በመከራ እሺ ያሉት ገና ባለፈው ሰኞ ነው። ለእሁድ ብለው ጆሃንስበርግ ዳር፣ ቶኮዛ ያለውን ቤታቸውን ቀለም አስቀብተዋል፣ ኮታቸውንም ላውንደሪ ሰጥተዋል።

«ልጁ ሌላ አገኘ እንዴ?»

«አላገኘም።»

«እንግዲያው ምን ሆንሽ? እምቢ ስል ለመናችሁኝ፣ እሺ ስል ደግሞ እምቢ አልሽ?»

ዝማሬ ከቤቱ ጋር የተያያዘው የአባቷ ሱቅ ውስጥ ገብታ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቆመች። ጥርሷን ነክሳለች። ይህችን ልጅ የሚያውቅ ሁሉ፣ ጥርሷን ከነከሰች በኋላ ማባበል ዋጋ እንደሌለው ያውቃል።

ከሆሳዕና ጆሃንስበርግ የመጣችው በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ያደገችው በዚህ ፍርግርግ ጀርባ፣ ዳቦና የስልክ ካርድ እየሸጠች ነው። በማታ ትምህርት መካኒክነት ተምራ፣ እነሆ በሃያ ስድስት ዓመቷ ሚድራንድ ባለ የእሽቅድምድም ጋራዥ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት መካኒክ ሆናለች። በአገሪቱ የመኪና ሻምፒዮና የምትወዳደረው ሃያ ሰባት ቁጥር መኪና ጎማዎች የእሷ ኃላፊነት ናቸው። የመኪናዋ ሾፌር መልአኩ ይባላል። ሁለት ዓመት በዐይን ብቻ ተነጋገሩ፣ አንድ ዓመት ደግሞ በአንደበት። አገሪቱ ያስተናገደችው የዓለም ዋንጫ ካለፈ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ቅዳሜ ኪያላሚ በተባለው የውድድር ሜዳ የሚደረገው የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ሲሆን፣ መልአኩ በሦስት ነጥብ እየመራ ነው። ቅዳሜ ዋንጫ፣ እሁድ ሽማግሌ ተብሎ ታቅዶ ነበር።

ዝማሬ ሥራውን ከትምህርት ቤት በፊት የተማረችው ከአባቷ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። አቶ አቢሶ ሱቃቸውን ሲዘጉ አምስት ጓጉንቸሮች አሏቸው። እያንዳንዱን በእጃቸው እየጎተቱ በሀዲይኛ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፤ ማቶ፣ ላሞ፣ ሳሶ፣ ሶሮ፣ ኦንቶ። በመሀል ሰው ካናገራቸው የቆጠሩትን ሁሉ ትተው ከአንድ ይጀምራሉ። የሰፈሩ ወጣቶች ይህን ስለሚያውቁ አራተኛው ላይ ሲደርሱ ሆን ብለው «ሳውቦና ባባ!» እያሉ ያበግኗቸዋል። እሳቸው ግን ሰላምታውን መልሰው፣ ሳይናደዱ፣ ከአንድ ይጀምራሉ። የመኪናዋ ጎማ የሚታሰርባቸው ዳዶዎችም አምስት ናቸው። ዝማሬም እንደዚያው ቆጥራ ታጠብቃለች፣ ከመሀል ካቋረጧት ከአንድ ትጀምራለች፣ ስትጨርስ በእያንዳንዱ ዳዶ ላይ እስከ ቸርኬው የሚዘልቅ ቢጫ መስመር በቀለም ታሰምራለች። ዳዶው ትንሽ እንኳ ቢላላ መስመሩ ይሰበራል።

አሁን ወደ ነገሩ እንምጣ። ከሁለት ሳምንት በፊት ኬፕ ታውን፣ ኪላርኒ በተባለው የውድድር ሜዳ፣ መልአኩ የመጀመሪያውን ዙር ውድድር አሸነፈ። በሁለተኛው ግን የፊት ግራ ጎማው ተነቅሎ በረረና መኪናዋ ከአጥሩ ጋር ተላተመች። ትከሻው ብቻ ተጎድቶ ወጣ። ማታውኑ ለዳኞቹ «የመንገዱን ጠርዝ ክፉኛ ረግጫለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ጽፎ ፈረመ። እነሱም ገሥጸውት ፋይሉን ዘጉ። ዝማሬም አመነችው።

ያመነችው እስከ ትላንት ማክሰኞ ነበር። ለልምምድ ወጥተው ጎማዎቹን አጥብቃ፣ አስምራ፣ እጇን ልትታጠብ ሄደች። ስትመለስ በጋራዡ በር ክፍተት አየችው። መልአኩ ጓንቱን አውልቆ፣ የፊት ግራ ጎማው ሥር ተንበርክኮ፣ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ በእጁ እየፈተሸ ነበር። ቀና ሲል ዐይን ለዐይን ተጋጩ። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር የሚያስር መሰለ። የእሽቅድምድም ጫማው ክር የለውም።

ዝማሬ ክው አለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስልኩን አላነሳችለትም።

እና ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ወንበሮቹ ገና በር ላይ ተደርድረው ሳለ፣ መልአኩ ራሱ ከፍርግርጉ ማዶ መጥቶ ቆመ።

«ስልኬን ለምን አታነሺም?»

«ቁርጡን ንገረኝ። ኪላርኒ ላይ ጠርዝ ረግጠሃል?»

ጆሮው ቀላ። አንዲት አሮጊት ከኋላው መጥተው «ሳውቦና ሲሲ፣ ዳቦ» አሉ። ዝማሬ ዳቦውን በፍርግርጉ ቀዳዳ አሳልፋ ሰጠች፣ መልስ ሰጠች፣ አመሰገነች። አሮጊቷ ሁለቱንም አፈራርቀው አይተው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

«አልረገጥኩም» አለ መልአኩ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ልንነሳ ስንል እናቴ መጥታ ስታናግርሽ አይቻለሁ። ሦስተኛው ዳዶ ላይ ነበርሽ። ፊትሽን ወደ እሷ አዞርሽ። እኔ ሄልሜቴን ዘግቼ ወደ ፊት ዞርኩ። ጎማው ሲበር ነገሩ ገባኝ። ማንም ሰው ይስታል፣ ዝማሬ። ጥፋቱም የእናቴ ነው። ቡድኑ ቢያውቅ በማግስቱ ያባርሩሽ ነበር፤ ከዚያ በኋላ መኪና የሚያስነካሽ የለም። ገመናሽን ሸፈንኩ እንጂ ምን በደልኩ?»

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ እኛ ሀገር የወዳጅን ገመና መሸፈን ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሴት ይህን ብትሰማ አንገቱ ላይ ትጠመጠም ነበር። መልአኩም የጠበቀው ይህንኑ ነው። ዝማሬ ግን አንጀቷ ቅጥል አለ።

«ገመና ያለው ነው የሚሸፈንለት። እኔ ምን ገመና አለኝ?»

«ይቅር ብዬሻለሁ እኮ! አንድም ቀን አልወቀስኩሽም!»

«ያላጠፋሁትን ነው ይቅር ያልከኝ?» ፍርግርጉን በሁለት እጇ ጨበጠችው። «ጠይቀኸኛል? አንድ ቀን እንኳ "ዝማሬ፣ አጥብቀሽው ነበር ወይ?" ብለኸኛል? ብትወቅሰኝ እከራከርህ ነበር። አንተ ግን ለብቻህ ከሰስከኝ፣ ለብቻህ ፈረድክብኝ፣ ለብቻህ ማርከኝ። ዕድሜ ልኬን ምሕረት እንደተደረገላት ሴት ከአንተ ጋር አልኖርም።»

«እወድሻለሁ...»

«ታውቃለህ፣ ይሄ ነው የከፋው! እየወደድከኝ አላመንከኝም።»

የፍርግርጉን መስኮት ዘጋችው። የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ ድረስ ከጀርባው ቆማ እንባዋን ዋጠች።

አቶ አቢሶ ሁሉንም ከጓዳ ሰምተዋል። ቀስ ብለው መጥተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቋት።

«ሴትዮዋ ካናገረችሽ በኋላ ከአንድ ጀምረሻል?»

«ጀምሬያለሁ፣ አባ።»

«እንግዲያው አሳዪያቸው» አሉና ወደ ወንበሮቻቸው ተመለሱ። ዝማሬ በሕይወቷ ይህን ያህል የታመነች መስሎ ተሰምቷት አያውቅም።

*

ዐርብ ጠዋት ጋራዡ ውስጥ ሁሉም ሰው መኪናዋን ለቅዳሜ ለማድረስ ይሯሯጣል። ዝማሬ ከአለቃዋ ከሄኒ ፊት ለፊት ቆመች። ሄኒ ስድሳ ዓመት የሞላው፣ ሲናገር የሚጮህ፣ ሲያዝን ዝም የሚል ነጭ ነው።

«ኪላርኒ ላይ የበረረው ጎማ የት ነው?»

«ምን ያደርግልሻል? ሾፌሩ ጥፋቴ ነው ብሏል።»

«የት ነው?»

«ተጎታቹ ውስጥ ይሆናል፤ ከስብርባሪው ጋር። ማንም አላራገፈውም።» ሰዓቱን አየ። «ዛሬ ለዚህ ጊዜ የለንም።»

«በምሳ ሰዓቴ ነው» አለች።

ተጎታቹ ውስጥ የታጠፈ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ መስታወት፣ ዘይት የነካው ሸራ ተከምሯል። ዝማሬ እጅጌዋን ሰብስባ አንድ በአንድ ወደ ውጭ አወጣች። «ዳዶዎቹ ባይኖሩስ?» የሚል ሐሳብ ብልጭ አለባት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን ተጠራጠረች። የእሱ ጥርጣሬ ወደ እሷም ተጋብቶ እንደሆነ ስታውቅ ይበልጥ ተናደደች፤ ንዴቷም ክንዷን አበረታው።

ጎማው ከሁሉም በታች፣ በሸራ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ገለበጠችው።

ጎማው ብቻውን አልነበረም። ከመኪናዋ ጋር የሚታሰርበት ክብ ብረት ራሱ ከመሀሉ ተሰንጥቆ፣ ግማሹ ከቸርኬው ጋር ቀርቷል። ስንጥቁ ጠርዙ ላይ ቡናማ ዝገት ይዟል፤ ከኪላርኒ ብዙ ቀደም ብሎ የጀመረ ስንጥቅ ነው። ብረቱን ከቸርኬው ጋር አንቀው የያዙት አምስት ዳዶዎች ደግሞ እንደታሰሩ ናቸው። ዝማሬ በአውራ ጣቷ አቧራውን ጠረገች።

ማቶ። ላሞ። ሳሶ። ሶሮ። ኦንቶ።

አምስት ቢጫ መስመሮች፣ አንዱም አልተሰበረም።

መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ለሁለት ሳምንት ይህ ጎማ እዚህ ተኝቶ ነበር። መልአኩ ጥፋቴ ነው ባይል ኖሮ በዚያው ቀን ያዩት ነበር። ገመናዋን ልሸፍን ብሎ የሸፈነው ንጽሕናዋን ነው። ልቧ በአንድ ጊዜ በደስታና በቁጭት ሞላ፤ የትኛው እንደበለጠ ለራሷም አልታወቃትም።

*

ቅዳሜ ጠዋት ኪያላሚ በሰው ተጥለቅልቋል። አንዳንዱ ከዓለም ዋንጫው የተረፈ ቩቩዜላ ጥሩምባውን ይዞ መጥቷል። ዝማሬ ጎማውን እያንከባለለች ወደ ቡድኑ ጋራዥ ገባችና መልአኩ እግር ሥር አጋደመችው። ሄኒ ቡናውን አስቀመጠ። የመልአኩ እናት ዶክተር አስካለች፣ ጥቁር መነጽራቸውን እንዳደረጉ፣ ከጥጉ ወንበር ላይ ቀና አሉ።

«ቁጠራቸው» አለችው ዝማሬ።

መልአኩ ተንበረከከ። ስንጥቁን አየ፣ ዝገቱን አየ። ጣቱን በቢጫዎቹ መስመሮች ላይ አሳለፈ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ጣቱ እዚያው ቀረ። ሄኒ ጎንበስ ብሎ የተሰነጠቀውን ብረት አየና ዝም አለ። አሮጌው ብረት ይህን ዓመት ይጨርሳል ብሎ የወሰነው እሱ ነበር።

«እንደገና ጀምራለች» የሚል ድምፅ ከጥጉ ተሰማ።

ሁሉም ወደ ዶክተር አስካለች ዞሩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«የዚያን ቀን "የልጄን ሕይወት በእጅሽ ይዘሻል፣ እጅሽ አይንቀጠቀጥም ወይ?" ነበር ያልኳት። ዞር ብላ "አይንቀጠቀጥም፣ ዶክተር" አለችኝና እንደገና መቁጠር ጀመረች። ቋንቋውን አላውቀውም፤ የመጀመሪያዋን ቃል ስትደግማት ግን ሰምቻለሁ።»

«እማ፣ ታውቂ ነበር?» አለ መልአኩ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ?»

«የጠየቀኝ የለም።» ሴትየዋ አንገታቸውን ደፉ፣ ከዚያ ግን ቀና አደረጉት። «የለም፣ እሱም ሰበብ ነው። እንደጠረጠርካት ገብቶኝ ነበር፤ ዝም ያልኩት ከእሷ መራቅህ ስለተስማማኝ ነው። ሐኪም ሆኜ እንዲህ ያለ ዝምታ በሌላ ሰው ላይ ባይ አልምርም ነበር።»

መልአኩ ከተንበረከከበት ሳይነሳ ዝማሬን ቀና ብሎ አያት። የይቅርታ ቃል እንደማይበቃ ገብቶታል።

«ሄኒ፣ ወረቀትና ብዕር ስጠኝ» አለ። «ለዳኞቹ የጻፍኩትን እሽራለሁ።»

«አብደሃል?» ሄኒ ጮኸ። «ይህን ከጻፍክ ዋሽተህ ነበር ማለት ነው! የኪላርኒን ነጥብ ይነጥቁሃል። ሻምፒዮናው ሞተር ሳታስነሳ ያልቅብሃል። ሰኞ ጻፈው! ሰኞ ምን አለበት?»

መልአኩ ስድስት ዓመት ለዚህች ቀን እንደለፋ ዝማሬ ታውቃለች። «ተወው፣ አንተ ካወቅክልኝ ይበቃኛል» የሚል ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። አንድ ቃል ብቻ ቢወጣት ዋንጫው ይተርፍ ነበር። ጥርሷን ነከሰች። ያን ቃል ብትናገር ዕድሜ ልኳን በራሷ እንደምታፍር ተሰማት። በሕዝብ ፊት የተፈረመ ውሸት በሕዝብ ፊት ይሻር እንጂ!

«ሰኞ ከሆነ ዋንጫውን ተሸክሜ ነው የምጽፈው» አለ መልአኩ። «እሱ ደግሞ ሌላ ውሸት ነው።»

ሳይቀመጥ፣ ጎማው ላይ ደገፍ ብሎ ጻፈ። «ጎማው የተነቀለው ብረቱ ተሰንጥቆ ነው። መካኒኳ ሥራዋን በሚገባ ሠርታለች። የቀድሞ ቃሌ ሐሰት ነበር።» ፈረመና ለዝማሬ አስነበባት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። በአንድ ዓመት ውስጥ የፍቅር ደብዳቤ ብዙ ጽፎላታል፤ ይህን ያህል ውስጧን የነካት ግን የለም።

ዳኞቹ ወረቀቱን ተቀብለው ለግማሽ ሰዓት መከሩ። የኪላርኒ ነጥቡ ተሰረዘ። የዕለቱ ውድድር ገና ሳይጀመር ሻምፒዮናው ለሌላ ሰው ሆነ።

*

መኪኖቹ ለመነሻ ሲሰለፉ ሄኒ «ዛሬ ሌላ መካኒክ ያጥብቅለት፤ እሷ ተረብሻለች» አለ።

«እሷ ካላጠበቀችው አልነዳም» አለ መልአኩ ከመሪው ኋላ። «ለዋንጫ አይደለም የምነዳው። የእሷን እጅ አምኜ ልቀመጥ ነው።»

ዝማሬ የማጥበቂያ ቁልፏን ይዛ ከፊት ግራ ጎማ አጠገብ ተንበረከከች። ማቶ። ቁልፏ ቀጭ አለ። ላሞ። አንድ ፎቶ አንሺ እየተጣደፈ መጥቶ «እመቤቴ፣ አንድ ጊዜ ወደዚህ...» ሊላት አፉን ሲከፍት፣ አንዲት ሴት እጃቸውን ዘርግተው ከፊቱ ቆሙ። ዶክተር አስካለች ነበሩ።

«አታናግራት» አሉት በእንግሊዝኛ። «እየቆጠረች ነው።»

ሳሶ። ሶሮ። ኦንቶ። አምስቱን መስመር አሰመረችና ቀና አለች። መልአኩ ዞሮ አልተመለከታትም፤ ዐይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ እጁን መሪው ላይ አሳርፏል። በሦስት ዓመት ውስጥ ሳያያት ቀርቶ ደስ ያላት ዛሬ ብቻ ነው።

አምስተኛ ወጣ። ዋንጫውን ሌላ ሰው አነሳ፣ ቩቩዜላውም ለሌላ ሰው ተነፋ። መልአኩ መኪናዋን ጋራዥ አስገብቶ፣ ላቡ ፊቱ ላይ እየወረደ ወጣ። ዝማሬ ጎማው አጠገብ ቆማ ነበር።

«አታያቸውም?» አለችው መስመሮቹን እያሳየች።

«ምናቸውን?» አለ፤ ጆሮው አልቀላም። «አንቺ አጥብቀሻቸው የለ?»

ያን ጊዜ ረቡዕ የዋጠችው እንባ ወጣ። ዘይት በነካ እጇ ጠረገችውና ፊቷን አጠቆረችው። መልአኩ እየሳቀ እያለቀሰም ነበር። ዶክተር አስካለች መሐረባቸውን አውጥተው፣ ለልጃቸው ሳይሆን ለእሷ ሰጧት።

«ሽማግሌዎቼ ዛሬም ስልኬን እየጠበቁ ነው» አለ መልአኩ። «ምን ልበላቸው?»

ዝማሬ ስልኳን አውጥታ ቶኮዛ ደወለች።

«አባ፣» አለች እየተንሰቀሰቀች፣ «እሁድ... ነገ... ወንበሮቹን እንደገና መዋስ ትችላለህ?»

ከወዲያ በኩል የደንበኞች ጫጫታ ይሰማል።

«ከአንድ ጀምሬያለሁ አላልሽኝም ነበር?» አሉ አቶ አቢሶ። «መቼ መለስኳቸውና ነው የምዋሰው?»